ዳገቱን ተዉትና ስለ ቁልቁለቱ እናውራ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ጤና ይስጥልኝ። በስፖርት ገጻችሁ ላይ ለጀማሪ ብስክሌተኞች ምክር ብላችሁ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ደህና ጽሑፍ ነው። ስለ ሳንባ፣ ስለ ጭን ጡንቻ፣ ውሃ ስለ መጠጣት በቂ ተብሏል። መጨረሻው አካባቢ ግን «እንጦጦን ሳትቆም የወጣህ ቀን ጀማሪነትህ አበቃ» ይላል። እዚህ ላይ መነጽሬን አወለቅኩ። ወንድሜ ጸሐፊው ጀማሪውን ልጅ እንጦጦ አናት ላይ አውጥቶ እዚያው ጥሎት ሄዷል። ልጁ እንዴት ብሎ ሽሮ ሜዳ እንደሚደርስ አንድ መስመር እንኳ የለም።

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ለዚያ ልጅ ነው። «አንተ» እያልኩ ብጽፍም ለሴቶቹም ጭምር ነው፤ እንዲያውም በጥንቃቄ ሲወርዱ የማየው እነሱን ነው።

እኔ የተሳቢ ሾፌር ነበርኩ። ጉልበቴን የጨረስኩት መጀመሪያ በጎጃም መስመር፣ ኋላ ደግሞ በጅቡቲ ነው። አሁን ጡረታ ወጥቼ አዲሱ ገበያ እኖራለሁ። ሐኪም «ስኳርህ ከፍ ብሏል፣ ተንቀሳቀስ» ሲለኝ ሩጫው ለጉልበቴ ስላልሆነ ሳይክል ገዛሁ። ዛሬ ሁለት አሉኝ። አንዱ ለአስፋልት የምይዘው ያረጀ ኮርስ ነው፤ ሌላው እንጦጦ ጫካ ውስጥ የምነዳው ማውንቴን። ባለቤቴ «አንዱን ሽጥና ፍሪጁን አሠራ» ማለት ካቆመች ቆይታለች። ፍሪጁ ግን አሁንም አልተሠራም።

ሾፌር ዳገት አይፈራም። ዳገት ላይ መኪና ቢደክመው ይቆማል፤ ረዳቱ ዘሎ ወርዶ ታኮ ይከታል፤ ሞተር ሲበርድ ጉዞ ይቀጥላል። ሰውም ያው ነው። የእንጦጦ ጫፍ 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ አለው። እዚያ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፍ ሲነጻጸር ሲሶውን ያህል ስለሚቀንስ ማንም ቢሆን ያለከልካል። ትንፋሽ ካጠረህ ወርደህ ትገፋለህ። አለቀ። የልብ ሕመም ከሌለብህ በቀር ዳገት አሸንፎህ የሚያደርስብህ ነገር ቢኖር ሐፍረት ነው።

ቁልቁለት ግን ሌላ ነው። የዓባይን በረሃ የነዳ ሰው ያውቀዋል። ከጎሃ ጽዮን እስከ ድልድዩ 20 ኪሎ ሜትር ግድም ነው፤ በዚያች ርቀት ከ1,300 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወረዳል። ላይ ጃኬት ለብሰህ ትነሳና ታች በላብ ትጠመቃለህ። የድሮ ሾፌሮች ከሁሉ አስቀድመው የሚያስተምሩን አንድ ነገር ነበር፦ ቁልቁለቱን በምትወጣበት ማርሽ ውረደው። ሞተሩ መኪናውን ይያዝልህ፤ ፍሬኑን ለክፉ ቀን አስቀምጠው ማለታቸው ነው። ፍሬን ላይ ተኝቶ የሚወርድ ሾፌር ግማሽ መንገድ ሳይደርስ የፍሬን ሸራው ይጨስና ፔዳሉ ባዶ ይሆንበታል።

ሳይክል ላይ ይህ የሞተር እርዳታ የለም። ማርሽ ብትቀይር የሚቀልህ ወይም የሚከብድህ ፔዳሉ ነው እንጂ ጎማውን የሚይዝልህ ነገር አይኖርም። ሳይክል ሁልጊዜ በፎሌ፣ ማለትም ማርሽ ሳይገባ ነው የሚወርደው። ስለዚህ ያለህ ነገር ፍሬን፣ ነፋስና ልቦና ብቻ ነው።

ከነፋሱ ልጀምር፤ በነጻ የሚገኝ እሱ ስለሆነ። ፍጥነት ሲጨምርብህ ቀና በል። ደረትህን ክፈት። ሰውነትህ ነፋስ ሲይዝ ሳይክሉ ራሱ ይረጋጋል። ወጣቶቹ ግን ግልባጩን ነው የሚያደርጉት። ኮርቻውን ትተው ከፊቱ ባለው ብረት ላይ ቁጢጥ ይሉና አገጫቸውን መሪው ላይ ይለጥፋሉ። «በቴሌቪዥን አይተን ነው» ይላሉ። ልጆቼ፣ ያንን አቀማመጥ የዓለም አቀፉ ብስክሌት ኅብረት ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በውድድር ላይ ከልክሎታል። መንገድ ተዘግቶላቸው፣ ሐኪም በመኪና እየተከተላቸው ለሚነዱት የተከለከለ ነገር፣ በሱሉልታ መንገድ አይሱዙ ከኋላ እየመጣ አይሞከርም።

ወደ ፍሬኑ ልምጣ። አብዛኛው ጀማሪ የፊት ፍሬን ይፈራል። «ይገለብጣል» ሲባል ስላደገ በኋላው ብቻ ይወርዳል። ነገሩ እንደዚያ አይደለም። ፍሬን ስትይዝ ክብደትህ ወደ ፊት ይሄዳል፤ የኋላው ጎማ ይቀላል። የቀለለ ጎማ ቢይዙት ይንሸራተታል እንጂ አያቆምም። አብዛኛውን የማቆም ሥራ የሚሠራው የፊቱ ነው። የሚገለብጠው አያያዙ ነው፤ ደንግጦ በአንዴ ጭምድድ ማድረግ፣ ክንድን አላልቶ ደረትን መሪ ላይ መጣል። ወገብህን ከኮርቻው ወደ ኋላ ሳብ፣ ክንድህን አጽና፣ ሁለቱንም ፍሬን ቀስ በቀስ አጥብቅ። ኮርስ የምትነዳ ከሆነ እጅህን ወደ ታችኛው የመሪው ቅስት አውርድ፤ ከላይ ሆነህ ስትይዝ ጣትህ ጉልበት አያገኝም። ይህን ቁልቁለት ላይ አትለማመደው። ሰው የሌለበት ሜዳ ፈልግ፣ ጠጠር አስቀምጥ፣ ጠጠሩ ጋ ለመቆም ሞክር። መጀመሪያ በዝግታ፣ ከዚያ ፍጥነት እየጨመርክ።

የትኛው እጅ የትኛውን ፍሬን እንደሚይዝም እወቅ። አገር ለአገር ይለያያል። ለአሜሪካና ለአብዛኛው አውሮፓ በተሠራ ሳይክል የፊቱ ፍሬን በግራ እጅ ነው። ለእንግሊዝና ለጃፓን በተሠራው በቀኝ። እኛ ጋ ያገለገለ ሳይክል ከየአቅጣጫው ነው የሚገባው። የጓደኛህን ተውሰህ ከመውረድህ በፊት ቆመህ አንዱን ፍሬን ያዝና ሳይክሉን ግፋው። የትኛው ጎማ እንደተያዘ ታያለህ።

ረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬኑን ሳትለቅ አትውረድ። ላስቲክ ቸርኬውን የሚይዝበት ዓይነት ከሆነ ቸርኬው ይግላል፤ ሙቀቱ እስከ ውስጡ ጎማ፣ እስከ ከመነዳሪው ድረስ ይገባና ሊያፈነዳው ይችላል። በዲስክ የሚይዘውም ቢሆን ከመጠን በላይ ሲግል ጉልበቱን ያጣል። ታች ስትደርስ ዲስኩን በጣትህ እንዳትነካው፤ ጠብሶ ነው የሚለቅህ። ትክክለኛው ያዝ ልቀቅ ነው። ከኩርባው በፊት ጠንከር አድርገህ ያዝ፣ ፍጥነቱን አውርድ፣ ልቀቅ፣ ከዚያ ታጠፍ። ኩርባ ውስጥ ከገባህ በኋላ ጨምድደህ ከያዝክ ጎማው ይከዳሃል። ስትታጠፍ በውጭ በኩል ያለው ፔዳል ታች ይሁን፣ የውስጡ ላይ። የውስጡ ታች ከሆነ አስፋልት ይነካና ያነሳሃል። ዐይንህን ደግሞ ከገደሉ ላይ አንሳ። መውጫውን እይ። ሳይክል ዐይን ወዳየበት ነው የሚሄደው፤ ገደል ያየ ገደል ይገባል።

ክረምት ሲሆን ሁሉም ነገር ይለወጣል። ቸርኬው ሲረጥብ ፍሬኑ ወዲያው አይዝም። መጀመሪያ ውሃውን መጥረግ አለበት፤ ከዚያ በድንገት ይይዛል። ስለዚህ ከሚያስፈልግህ ቀደም ብለህ ለስለስ አድርገህ አስነካው። ከሁሉ የሚከፋው የመጀመሪያው ዝናብ ነው። በበጋ የተንጠባጠበው ዘይትና ናፍጣ ገና ስላልታጠበ አስፋልቱ ሳሙና ይሆናል። ቀለም የተቀባ የእግረኛ ማቋረጫና የብረት የፍሳሽ መክደኛ ደግሞ ከአስፋልቱም ይብሳሉ። እነሱ ላይ ፍሬን አትያዝ፣ አትታጠፍም። ቀጥ ብለህ እለፍ። ዘንጎቹ በመንገዱ አቅጣጫ የተደረደሩ መክደኛ ካየህ ደግሞ ጨርሶ ሽሸው፤ የኮርስ ጎማ በዘንጎቹ መሐል ይገባል።

ይህን ሁሉ የምለው የሽማግሌ ፍርሃት ይዞኝ እንዳይመስላችሁ። ጎበዞቹ ራሳቸው የሚሞቱት ቁልቁለት ላይ ነው። በባርሴሎና ኦሎምፒክ ወርቅ የወሰደው ጣሊያናዊው ፋቢዮ ካዛርቴሊ በ1995 እ.ኤ.አ. ቱር ደ ፍራንስ ላይ የሞተው ከተራራ ሲወርድ ነው። የራስ ቁር አላደረገም ነበር። በ2023 እ.ኤ.አ. የስዊዘርላንዱ ጂኖ ማደር በገዛ አገሩ ውድድር፣ ያውም ቁር አድርጎ፣ ቁልቁለት ላይ ከመንገድ ወጥቶ ገደል ገባ። በትልልቅ ውድድሮች ቁር ግዴታ የሆነው በ2003 እ.ኤ.አ. ነው፤ ያውም ሌላ ብስክሌተኛ ወድቆ ከሞተ በኋላ። ልጄ ይህን ሁሉ በስልኳ እያወጣች አስነብባኛለች፤ በከፊል ዓላማዋ እኔን ሳይክል ለማስተው ነበር።

ልጆቹ ግን ቢመኙ አልፈርድም። ጽጋቡ ግርማይ በ2016 እ.ኤ.አ. ቱር ደ ፍራንስን የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሲሆን እኔም ስክሪን ፊት ቁጭ ብዬ ነበር። የኤርትራው ቢንያም ግርማይ በ2024 እ.ኤ.አ. በዚያው ውድድር ሦስት ቀን አሸንፎ በነጥብ ለሚበልጠው የሚሰጠውን አረንጓዴ ማልያ ወሰደ። በ2025 እ.ኤ.አ. ደግሞ የዓለም የጎዳና ብስክሌት ሻምፒዮናው ለመጀመሪያ ጊዜ አፍሪካ መጥቶ ኪጋሊ ላይ ተካሄደ። ከዚያ ወዲህ በሱሉልታ መንገድ ላይ የማያቸው ልጆች በዝተዋል። ደስ ይለኛል። የሳይክላቸውን ሁኔታ ሳይ ነው ደስታዬ የሚቀንሰው።

የጎረቤቴ ልጅ አዲስ ማውንቴን ገዝታ ልታሳየኝ መጣች። ሱቁን አልጠራም። «ስታጠፍ እግሬ ጎማውን ይነካል» አለችኝ። አጎንብሼ ሳይ የፊቱን ጎማ የያዘው ሹካ ወደ ኋላ ዞሮ ነው የተገጠመው። ፍሬኖቹ በፊት በኩል መሆን ሲገባቸው ወደሷ ዞረው ተንጠልጥለዋል። የገጠመው ሰው መሪውን ብቻ አይቶ «ቀና ነው» ብሎ አስረክቧታል። እንዲህ ሆኖ ቢወረድበት ሳይክሉ ይቅበዘበዛል። የመሪውን ብሎን አላላሁ፣ ሹካውን አዞርኩ፣ አጠበቅኩ። ጀበናው ሳይወርድ አለቀ። ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ ስሄድ ዐይኔ ሹካ ላይ ነው፤ የዞረውም አንድ ሁለት አይደለም። የራሳችሁን እዩት። ፔዳል ስትመቱ ጣታችሁ የፊቱን ጎማ በደንብ የሚያገኘው ከሆነ ጠርጥሩ።

የፊት ጎማውን የምታጠብቀው ማንሻም አለች። ብዙ ሰው እንደ ብሎን እያዞረ ያጠብቃታል። እሷ ታጥፋ ነው የምትዘጋው። ስትዘጋ ከበድ ብላ መዳፍህ ላይ ምልክት መተው አለባት። ምልክት ካልተወች ላልታለች። ሌላዋ፣ የላስቲክ ፍሬን ባላቸው ማውንቴኖች ላይ የፍሬን ገመድ በውስጧ የሚያልፍ ጎበጥ ያለች ቀጭን የብረት ቱቦ ናት። ጎማ ለማውጣት ስትፈልግ ትላቀቃለች። ከመነዳሪ ተለጥፎ ጎማው ሲመለስ እሷን መመለስ የሚረሳው ስንቱ ነው! ያኔ ፍሬኑን እስከ መሪው ድረስ ብትጨምቀው ፍሬን የሚባል ነገር የለም።

ላስቲኩን ደግሞ በዐይንህ እየው። ሲሠራ መስመር ተቀርጾበታል። መስመሩ ከጠፋ ላስቲኩ አልቋል። ስትይዝ የሚፋጭ ድምፅ ከሰማህ ላስቲኩ ውስጥ ጠጠር ወይም የብረት ብናኝ ተቀርቅሯል ማለት ነው። እኔ ቤት ስደርስ ሳይክሉን ገልብጬ በቢላ ጫፍ እነቅለዋለሁ። ካልነቀልከው ቸርኬውን እየላገ ይበላዋል።

አሁን ስለ ጎማ። ለጎሚስታ ወንድሞቼ አክብሮቴ ትልቅ ነው፤ በረሃ ላይ ብዙ ጊዜ አውጥተውኛል። ሳይክል ሲመጣባቸው ግን ይቸገራሉ። የኮርስ ጎማ ቀጭን ስለሆነ ጥቂት አየር የሚበቃው ይመስላቸዋል። እንዲያውም ቀጭኑ የኮርስ ጎማ ከ80 እስከ 100 ፒኤስአይ ይፈልጋል፤ ከተሳቢ ጎማ ጋር የሚቀራረብ ግፊት ነው። ይህን ስናገር ያልሳቀብኝ ጎሚስታ የለም። ወፍራሙ ማውንቴን ግን ከ25 እስከ 35 ይበቃዋል፣ የቤት መኪና ያህል። ቁጥሩ ጎማው ጎን ላይ ተጽፏል፤ አሳያቸው። ኮምፕሬሰሩ ትንሿን ከመነዳሪ በአንድ አፍታ ስለሚያፈነዳት ቆረጥ ቆረጥ አድርገው ይንፉ። ቀጭኑ ቫልቭ ያለው ከመነዳሪ ደግሞ የነሱ ማስነፊያ አይገጥመውም። ጫፉ ላይ ያለችውን ትንሽ ብሎን አላልተህ በሳይክል ፖምፓ ነው የምትነፋው፤ አለዚያ የምትጠመዘዝ ማስገጠሚያ ኪስህ ውስጥ ያዝ።

ከመነዳሪው ተበስቶ ስታወጣው ሁለት ቀዳዳ ጎን ለጎን ካየህ ሚስማር አትፈልግ። ጎማው አየር አንሶት ጉድጓድ ጠርዝ ሲመታ ቸርኬው ነክሶት ነው። መድኃኒቱ አየር ነው። ጎማ ስታወልቅ ደግሞ ማንኪያና ካቻቢቴ አትጠቀም፤ አዲሱን ከመነዳሪ ራስህ ትበሳዋለህ። ሁለት የፕላስቲክ ማውለቂያ፣ ትርፍ ከመነዳሪ፣ ማስቲሽና መለጠፊያ፣ ትንሽ ፖምፓ። ከሱሉልታ ወዲያ ያለዚህ አትሂድ።

አሁን ደግሞ ከጋቢና ሆኜ ልናገር፤ ይህን ሌላ ሰው አይነግራችሁም። ተሳቢ ላይ ለተቀመጠ ሾፌር በቀኙ ተጠግቶ ያለ ሳይክል አይታየውም። ስፖኪዮው ውስጥ የሾፌሩን ፊት ካላየኸው እሱም አንተን አላየህም። መኪናው ወደ ቀኝ ሊታጠፍ ሲል በቀኙ ሾልከህ ከገባህ ነገር አለቀ። ተሳቢ ሲታጠፍ የኋላው ጎማ የፊቱን መንገድ አይከተልም፤ ወደ ውስጥ ቆርጦ ይመጣል። የፊቱ ካለፈህ በኋላ ነው የኋላው የሚያገኝህ። ታክሲ ሲቆምም በቀኙ አትለፍ። በሩ በዚያ በኩል ነው፤ ወራጁም ሳያይ ነው የሚዘለው።

ክላክስ ስናደርግ ሁልጊዜ ስድብ አይደለም። ብዙ ጊዜ «አለሁ» ማለታችን ነው። ደንግጠህ ዞረህ አትይ። አንገት ሲዞር መሪውም አብሮ ይዞራል፤ ወደኔ ትመጣለህ። መስመርህን ይዘህ ቀጥል። የአስፋልቱ ጠርዝ ላይም አትለጠፍ። ብዙ ቦታ ተቆርሷል፣ ጎማህ ከወረደ መመለስ የለም። አንድ ሜትር ያህል ገባ በል። ጠርዝ ላይ የተለጠፈ ሳይክል ሲያይ ሾፌር «እናሳልፋለን» ብሎ ይጨምራል፤ ገባ ያለውን ሲያይ ግን ቀንሶ ቦታ ይጠብቃል። እኔም እንደዚያ ነበርኩ። ትልቅ መኪና ሲያልፍህ ነፋሱ መጀመሪያ ይገፋሃል፣ ካለፈ በኋላ ይስብሃል። ሁለቱንም ጠብቃቸው፤ በተለይ የሱሉልታ ሜዳ ላይ ከጎን ነፋስ በሚነፍስ ቀን።

ከሱሉልታ እንጦጦን ተሻግሮ ወደ አዲሱ ገበያ የሚወርደው መንገድ ደግሞ ለብቻው ይነገር። ጭነት ይዘው ከጎጃም የሚመጡ መኪናዎች እዚያ ሲደርሱ ፍሬናቸው ደክሟል። ከፊትህ የሚወርድ መኪና የተቃጠለ ሸራ ከሸተተህ አትከተለው፣ ልትቀድመውም አትሞክር። ቁም። ይሂድ። ከኋላህ ደግሞ መብራት አብርቶ ክላክሱን ሳይለቅ የሚመጣ መኪና ካለ ፍሬን የለውም ማለት ነው። ያኔ የመንገድ መብት የሚባል ክርክር የለም፤ ሳይክሉን ጥለህም ቢሆን ከአስፋልቱ ውጣ። እኔ በዚያ መንገድ የምወርደው ማልዶ፣ የጭነት መኪናው ሳይበዛ ነው።

እንጦጦ ጫካ ውስጥ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። እንጨት ተሸክመው የሚወርዱት እናቶች። ጀርባቸው ላይ ያለው ሸክም ከመንገዷ ይሰፋል። ጎንበስ ስላሉ ዘወር ብለው ሊያዩህ አይችሉም። ቢደነግጡ ሸክሙ ነው ይዟቸው የሚወድቀው። ከኋላቸው ደወል የሚደውል ልጅ ሳይ ደሜ ይፈላል። ከሩቅ ቀንስ፣ ውረድ፣ «እናቴ፣ ከኋላ ነኝ፣ ቀስ ብለው» በል፤ ሰፊ ቦታ ሲገኝ በእግርህ እለፍ። ስንት ሰዓት ይወስድብሃል? ምንም።

ጫካው ውስጥ ስትወርድ ኮርቻውን ዝቅ አድርገው። ሁለቱን ፔዳል እኩል አድርገህ ቁምባቸው፤ ጉልበትህ ይታጠፍ፤ ሳይክሉ ከሥርህ ይንቀጥቀጥ፣ አንተ አትንቀጥቀጥ። የደረቀ የባሕር ዛፍ ቅጠል ሲከመር ከሥሩ ድንጋይ ይሁን ጉድጓድ አይታወቅም፤ ፍሬዋም ጎማ ሥር ትንከባለላለች። ውሻ ካባረረህ በቁልቁለት ልታመልጠው ትችል ይሆናል፤ በዳገት ግን አትሞክረው። ውረድና ሳይክሉን በመሐላችሁ አድርገው። ድንጋይ ለማንሳት ጎንበስ ያልክ ምሰል። የኛ አገር ውሻ ይህችን ያውቃታል። ከነከሰህ ግን ቁስሉን በሳሙናና በብዙ ውሃ እጠብና ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ሂድ፤ ነገ አትበል። በክረምት ደግሞ ወደ ሱሉልታ ያለውን መረሬ መሬት ተወው። ጭቃው ጎማና ሹካው መሐል ይጠቀጠቅና ሳይክሉን ተሸክመህ ትመለሳለህ።

ስለ ምግቡ ጸሐፊያችሁ በፈረንጅ ከረጢት ስለሚመጣ ነገር ጽፏል። በሶ በስኳር በጥብጦ በውሃ መያዣው ማድረግ ይበቃል። ሙዝና ቴምርም አለ። በጾም እስከ ቀትር ለሚቆይ ሰው ግን ምክሬ አንድ ነው፦ ረጅሙን መንገድ ለሌላ ቀን ተወው። የራበው ሰው ዳገቱን በእልህ ይወጣዋል፤ ሲወርድ ግን እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ፍሬን መያዝ ያቅተዋል፣ ኩርባው ዘግይቶ ነው የሚታየው። እኔ ባለ ስኳር ስለሆንኩ ይህን በደንብ አውቀዋለሁ፤ ኪሴ ውስጥ ከረሜላ አይጠፋም።

በኮሪደር ልማቱ የተሠሩት የብስክሌት መስመሮች ጥሩ ናቸው፤ ለጀማሪ ከነሱ የተሻለ መለማመጃ የለም። እግረኛው ይገባባቸዋል፣ መኪናም ይቆምባቸዋል። እዚያ ላይ መሮጥ አያስፈልግም፤ ልጅ የያዘች እናት ብትገባብህ ደወልህን ሳይሆን ፍሬንህን ንካ።

እንግዲህ ጸሐፊው ወንድሜ ቀጣዩን ክፍል ሲጽፍ ከእንጦጦ አናት እንዲጀምር እጠይቃለሁ። በጣም ቁልቁል የሆነውን ቦታ ወርዶ መግፋት ነውር እንዳልሆነም ይጻፍልኝ። እኔ እስከ ዛሬ የምገፋባቸው ቦታዎች አሉ።

አንድ ነገር ቀረኝ። ከጽሑፉ ጋር ያወጣችሁት ፎቶ ላይ ቀይ ማልያ የለበሰ ልጅ እንጦጦ ላይ ቆሞ ይስቃል። አጉሊ መነጽር ይዤ አየሁት። የቁሩ ማሰሪያ ተፈትቶ ተንጠልጥሏል። የፊት ፍሬኑም ያቺ ያልኳችሁ ጎባጣ ቱቦ ተላቃ ወደ ጎን ወጥታለች። ልጁ ፎቶውን ተነስቶ የሚወርደው በዚያው ሳይክል ነው። የምታውቁት ከሆነ ዛሬውኑ ደውሉለት።

አክባሪያችሁ፣
ጡረተኛው የተሳቢ ሾፌር
አዲሱ ገበያ፣ አዲስ አበባ